ከሱስ የሚቀድም ችኮላ፦ ራስን መግታትና ሱስ በእንስሳት ጥናት

በሱስ የተያዘ ሰው ራሱን መግታት እንደሚሳነው ሐኪሙም ቤተሰቡም ጎረቤቱም በየራሱ መንገድ ያውቃል፤ የሳይንስ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ያስቸገራቸው ግን ይህን ማወቁ ሳይሆን ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም መለየቱ ነው። ራስን የመግታት ዐቅም የሚዳከመው ዕፁ አንጎልን ስለሚጎዳ ነው ወይስ በዕፁ ከሌላው ይልቅ የሚጠመደው ዐቅሙ ቀድሞውንም ደካማ የነበረ ሰው ነው? ለሕክምና የሚመጣ ሰው ዕፁን ለዓመታት ከወሰደ በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ከዚያ በፊት አንጎሉ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ምስል አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ጠባዩ ምን ያህል ችኩል እንደነበር የሚመሰክረውም የራሱና የዘመዶቹ ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ በኋላ በደረሰው ነገር እየተቀባ የሚለወጥ ምስክር ነው። ጤነኛ ወጣቶችን ሰብስቦ ለግማሾቹ ኮኬይን እየሰጡ የሚሆነውን መጠበቅም የሕክምና ሥነ ምግባር የማይፈቅደው ነገር ነው።

እንስሳት ወደዚህ ጥናት የገቡት በዋናነት ይህን የጊዜ ቅደም ተከተል ለመለየት ነው። በቤተ ሙከራ ተወልዶ ያደገ አይጥ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንዳደገ፣ ምን ዓይነት ዕፅ እንዳልቀመሰ ሁሉ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጠባዩን ዕፁን ከመቅመሱ በፊት ለክቶ መዝግቦ፣ ከዚያ ዕፁን እንዲያገኝ ፈቅዶ፣ በመጨረሻም የትኛው አይጥ የት እንደደረሰ ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዴቪድ ጄንችና ጄን ቴይለር ባሳተሙት ሰፊ የግምገማ ጽሑፍ፣ ዕፅን ደጋግሞ መውሰድ በአንድ በኩል ከሽልማት ጋር የተያያዙ ምልክቶችን የመሳብ ኃይል እንደሚያበረታ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ድርጊትን የሚገታውን ፊተኛውን የአንጎል ክፍል እንደሚያደክም አስረድተው ነበር። ሐሳቡ ዕፁን መነሻ፣ የመግታት ዐቅም መዳከምን ውጤት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ በተከታታይ የወጡት የእንስሳት ጥናቶች ይህን ሐሳብ ሳይሽሩት፣ ከፊቱ ሌላ ምዕራፍ እንዳለ አሳዩ፤ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም በዚያ ቀዳሚ ምዕራፍ ላይ ነው።

ወደ ሙከራዎቹ ከመግባት በፊት ግብታዊነት የሚባለውን ጠባይ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ አንድ ወጥ አይደለምና። አንደኛው መልኩ የድርጊት ግብታዊነት ነው፤ ይኸውም ጊዜው ሳይደርስ መነሣት፣ ሊደረግ የተዘጋጀን እንቅስቃሴ ትክክለኛው ምልክት እስኪመጣ ድረስ አፍኖ ማቆየት አለመቻል ነው። ሁለተኛው የምርጫ ግብታዊነት ሲሆን፣ አሁን የሚገኝ ጥቂት ነገር ቆይቶ ከሚገኝ ብዙ ነገር ይልቅ የሚመረጥበት ሁኔታ ነው። አንድ እንስሳ በአንዱ ችኩል ሆኖ በሌላው ታጋሽ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ የሚመሩባቸው የአንጎል መሥመሮችም በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም። ከሁለቱም የሚለየው ደግሞ አስገዳጅነት ነው፤ ይህም ድርጊቱ ጉዳት እያስከተለ መሆኑ እየታወቀ እንኳ ማቆም የማይቻልበት ደረጃ ነው። ችኩሉ ሳያስብ ይጀምራል፤ በአስገዳጅነት የተያዘው ግን ጉዳቱን ቀምሶ አውቆም አያቆምም። ሱስን የሚያጠኑ ሰዎች ትልቁ ጥያቄ ከመጀመሪያው ጠባይ ወደ መጨረሻው የሚያሻግር መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው።

የድርጊት ግብታዊነትን ለመለካት እስካሁን ከተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ ያገለገለው፣ በ1983 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትሬቨር ሮቢንስ፣ ባሪ ኤቨሪትና ባልደረቦቻቸው ያስተዋወቁት ባለ አምስት ቀዳዳ ሣጥን ነው። የሣጥኑ አንድ ግድግዳ ወደ ውጭ የጎበጠ ሲሆን፣ በርሱ ላይ የአይጥ አፍንጫ የሚያስገቡ አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች በአንድ መሥመር ይገኛሉ፤ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ደግሞ ምግብ የሚወድቅበት ገበታ አለ። አይጡ፣ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱና ትከሻው ጥቁር ሆኖ የተቀረው ገላው ነጭ የሆነው ሊስተር የሚባለው ዘር፣ ገበታውን ነክቶ ዙሩን ራሱ ይጀምራል፤ ከዚያም ዞሮ ወደ አምስቱ ቀዳዳዎች ፊቱን አድርጎ 5 ሰከንድ መጠበቅ አለበት። 5ቱ ሰከንድ ሲሞላ ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ ብርሃን ለግማሽ ሰከንድ ያህል ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አይጡ ብርሃኑ በታየበት ቀዳዳ አፍንጫውን ካስገባ በስተኋላው አንዲት የምግብ እንክብል ትወድቅለታለች። ብርሃኑ ሳይበራ አፍንጫውን ከአንዱ ቀዳዳ ካስገባ ግን የሣጥኑ መብራት ይጠፋል፤ አይጡም 5 ሰከንድ በጨለማ ይቆያል፤ እንክብሏም ትቀርበታለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ብሂል በሣጥኑ ውስጥ ቃል በቃል ይፈጸማል፤ ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰው የማይለቀም መሆኑ ነው።

በዚህ ሥልጠና አይጦች ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ከሠለጠኑ በኋላ ግን አብዛኞቹ ሥራቸውን በሚገባ ያውቃሉ፤ ብርሃኑ ሲበራ የት እንደበራ ለይተው በትክክል ይመልሳሉ። ልዩነቱ የሚጎላው የመጠበቂያው ጊዜ ድንገት ከ5 ወደ 7 ሰከንድ ሲራዘም ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዶቹ ተረጋግተው ሲጠብቁ፣ ሌሎቹ በተለመደው ሰዓት ተነሥተው አፍንጫቸውን ያስገባሉ፤ በአንድ ቀን ከሚሰጧቸው 100 ዙሮች ከ50 በላይ በሆኑት ያለጊዜያቸው የሚነሡ አይጦችም ይገኛሉ። እነዚህ በኬምብሪጅ ጥናቶች ከፍተኛ ግብታውያን ተብለው የተለዩት ናቸው። ሥራው ያልገባቸው አይደሉም፤ ምልክቱን ለይተው ማወቅ ያልተሳናቸው ስለሆኑ ችግራቸው የማስተዋል ሳይሆን የመጠበቅ ነው። ይህ ነጥብ የመሣሪያውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ትኩረትንና ትዕግሥትን በአንድ ጊዜ፣ ግን ለየብቻ፣ ይለካልና።

ዕፁን ማቅረብ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። ለአይጡ በማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በአንገቱ ሥር ካለው ትልቅ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው በቆዳው ሥር አልፎ በጀርባው በኩል ይወጣና ዕፅ ከሚገፋ ፓምፕ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ አይጡ በሌላ ሣጥን ውስጥ ያለውን መጫኛ ሲጫን መጠኑ የታወቀ ኮኬይን ወደ ደሙ ይገባል። የሚሰጠው ተመራማሪው ሳይሆን ራሱ አይጡ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ እንስሳው ሥራ እየሠራ፣ መጠኑን እየወሰነ፣ ሲፈልግ እየተወ የሚወስደው በመሆኑ ከሰው ድርጊት ጋር ለመመሳሰል የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ ዕፅ መውሰድ ብቻውን ሱስ አይደለም። ጤነኛ አይጥ ሁሉ ማለት ይቻላል ኮኬይን ሲያገኝ ይወስዳል፤ ሰውም ቢሆን ከሞከሩት መካከል ሱሰኛ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሱስ ያለበትን አይጥ ከሌለበት የሚለይ መስፈርት ያስፈልግ ነበር።

ያንን መስፈርት ያቀረቡት በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ በቦርዶ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ቬሮኒክ ዴሮሽ ጋሞኔ፣ ዴቪድ ቤሊንና ፒየር ቪንቼንዞ ፒያሳ በ2004 ነው። አይጦቹ ለሦስት ወር ያህል ኮኬይን ሲወስዱ ከቆዩ በኋላ ሦስት ነገሮች ተለኩ፤ ዕፁ እንደማይገኝ በብርሃን ምልክት ሲነገራቸው መጫኛውን መጫን ይተዋሉ ወይስ ይቀጥላሉ፤ አንዲት መጠን ለማግኘት የሚጠየቀው የመጫን ብዛት እየጨመረ ሲሄድ እስከ ምን ድረስ ይለፋሉ፤ ዕፁ እግርን ከሚነዝር ኤሌክትሪክ ጋር ሲቀርብ መውሰዳቸውን ያቆማሉ ወይስ እየተነዘሩ ይወስዳሉ። ሦስቱንም ምልክት ያሳዩት አይጦች 17 በመቶ ነበሩ፤ ይህም ኮኬይን ከሞከሩ ሰዎች መካከል ሱሰኛ ለሚሆኑት ከሚሰጠው ግምት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚህ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ደግሞ ሦስቱን ምልክት ያሳዩትና አንዱንም ያላሳዩት አይጦች በእነዚያ ወራት የወሰዱት የኮኬይን መጠን ተመሳሳይ መሆኑ ነው። እኩል ወስደው እኩል አልተጎዱም። እንግዲህ ሱስን የሚያመጣው የተወሰደው መጠን ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ በዚህ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከወሳጁ ዘንድ የሚመጣ አንድ ነገር መኖር አለበት።

ያ ነገር ምን እንደሆነ በከፊል ያመለከተው በ2007 ጄፍሪ ዳሊና ባልደረቦቹ ከኬምብሪጅ በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከፍተኛ ግብታውያኑንና ታጋሾቹን በአምስቱ ቀዳዳ ለይተው፣ አንዳቸውም ዕፅ ሳይቀምሱ አንጎላቸውን በፔት ስካን አነሡት። ፔት ስካን ማለት ጥቂት ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት ገብቶ በአንጎል ውስጥ የት እንደተከማቸ ከውጭ የሚነበብበት የምስል መሣሪያ ነው። የተፈለገው ዲ2 እና ዲ3 የሚባሉ የዶፓሚን ተቀባዮች ብዛት ነበር። ዶፓሚን አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያስተላልፍበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በተለይ ሽልማትን በመጠበቅና ወደ ሽልማት በመነሣት ሥራ ላይ ይታወቃል፤ ተቀባይ የሚባለው ደግሞ በሕዋሱ ገጽ ላይ ሆኖ ያንን መልእክት የሚቀበለው ፕሮቲን ነው። ኮኬይን የሚሠራውም ሕዋሳት የለቀቁትን ዶፓሚን መልሰው እንዳይሰበስቡ በማገድ ነው።

ምስሉ ሲነበብ በችኩሎቹ አይጦች ዘንድ፣ ስትራየተም በሚባለው የአንጎል ክፍል፣ ኒውክለስ አኩምበንስ የሚባለውን የሽልማት ማዕከል በያዘው ታችኛ ወገኑ፣ እነዚህ ተቀባዮች ከታጋሾቹ አንሰው ተገኙ፤ በስትራየተም ላይኛ ክፍል ግን ልዩነት አልታየም። ከዚያ ለሁለቱም ወገን ኮኬይን ሲፈቀድ ችኩሎቹ አብልጠው ወሰዱ። የዚህን ግኝት ክብደት ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይገባል። በኮኬይን ሱስ በተያዙ ሰዎች አንጎል ዲ2 ተቀባይ ማነሱን ኖራ ቮልኮውና ባልደረቦቿ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አሳይተው ነበር፤ ብዙዎችም ይህን ዕፁ ያደረሰው ጉዳት አድርገው ያዩት ነበር። የኬምብሪጅ አይጦች ግን ዕፁን ሳያዩት ያንኑ ማነስ ይዘው ተገኙ። ጠባዩም፣ የተቀባዩ ማነስም፣ ከዕፁ ቀድመው ነበሩ።

በዓመቱ፣ በ2008፣ ቤሊን ወደ ኬምብሪጅ ሄዶ ከዳሊ፣ ከሮቢንስና ከኤቨሪት ጋር ያደረገው ሥራ ነገሩን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። ከዚያ በፊት፣ በ1989፣ ፒያሳና የቦርዶ ባልደረቦቹ ወደ አዲስ ቦታ ሲገቡ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ የሚንቀሳቀሱ አይጦች አነቃቂ ዕፅ መውሰድን ቶሎ እንደሚለምዱ አሳይተው ስለነበር፣ አዲስ ነገር የሚፈልግ ጠባይ የሱስ ዋና መንሥኤ ሳይሆን አይቀርም የሚል እምነት ነበር። አዲሱ ጥናት ሁለቱን ጠባዮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። ውጤቱ ሥራቸውን የሚያከፋፍል ሆነ፤ በአዲስ ቦታ የሚፈነጥዙት አይጦች ኮኬይንን በትንሽ መጠንም ቢሆን ፈጥነው መውሰድ ጀመሩ፤ እየተነዘሩ እስከ መውሰድ የደረሱት ግን በአምስቱ ቀዳዳ መጠበቅ ያቃታቸው ነበሩ። ዕፁን ለመሞከር የሚያነሣሣ ጠባይ ሌላ፣ ከመሞከር ወደ ሱስ የሚያሻግር ጠባይ ሌላ መሆኑን ከዚህ የበለጠ በግልጽ ያሳየ ሙከራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ብዙ የመከላከያ ትምህርት ወጣቶች እንዳይሞክሩ ለማድረግ ብቻ ይደክማል፤ የሚሞክሩት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አደጋ ላይ አይደሉም፤ ይህን መለየት የሚቻል ከሆነ ደግሞ እርዳታው ለሚያስፈልገው ልጅ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

የምርጫ ግብታዊነትም የራሱን ምስክርነት ሰጥቷል። በ1995 በካናዳ በቶሮንቶ የተደረገ ጥናት ቆይቶ የሚመጣን ትልቅ ሽልማት መጠበቅ የማይችሉ አይጦች አልኮል በብዛት እንደሚጠጡ አሳየ፤ በ2005 ደግሞ በአሜሪካ በሚኒሶታ የጄኒፈር ፔሪና የማሪሊን ካሮል ቡድን፣ ትንሹን ግን ፈጣኑን ምግብ የሚመርጡ ሴት አይጦች ኮኬይን መውሰድን ከታጋሾቹ ፈጥነው እንደሚለምዱ አገኘ። በ2008 በአምስተርዳም በኒኮቲን ላይ በተደረገው ጥናት ሁለቱ ግብታዊነቶች በተለያየ ደረጃ ላይ ሲሠሩ ታዩ፤ ያለጊዜው መነሣት ኒኮቲንን በትጋት ለመፈለግና ለመውሰድ መነሻ ሲሆን፣ ለነገ መታገሥ አለመቻል ደግሞ ከተዉት በኋላ ተመልሶ ከመውደቅ ጋር ተያያዘ።

እዚህ ላይ ነገሩን ለሁሉም ዕፅ አንድ አድርጎ መናገር ስሕተት ነው። በ2010 ያው የኬምብሪጅ ቡድን ከፍተኛ ግብታውያኑ አይጦች ሄሮይን ሲቀርብላቸው አወሳሰዳቸው ከታጋሾቹ የተለየ እንዳልሆነ አሳተመ። ኮኬይንና ኒኮቲን አነቃቂ ናቸው፤ ሄሮይን ግን ከሕመም ማስታገሻዎቹ ከእነ ሞርፊን ወገን ነው፤ የሚገባበት በርም የሚተወው የእጦት ሕመምም ሌላ ነው። ለሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የሱስ ጠባይ አለ ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ውጤት ቢያስቡበት መልካም ነው።

በ1999 የቀረበው ሐሳብስ ምን ደረሰ? ዕፁ የመግታት ዐቅምን ያደክማል የሚለው አልወደቀም። ጄንች፣ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ወንዝ ዳር የሚታየው ጦጣ የቅርብ ዘመድ ለሆኑ ቨርቬት ለሚባሉ ጦጣዎች ለ14 ቀን በየቀኑ ኮኬይን ሰጡ። ጦጣዎቹ ከዕቃዎች መካከል ምግብ ያለበትን ለይቶ ማወቅን እንደማንኛውም ጦጣ ተማሩ፤ ምግቡ ያለበት ዕቃ ሲቀያየርባቸው ግን የቀድሞውን መተው አቃታቸው፤ ምግብ እንደሌለበት እየታየ ያንኑ ዕቃ ደጋግመው ያነሡ ነበር። ይህ ከመጨረሻው መርፌ 9 እና 30 ቀን በኋላ የታየ ነው፤ ዕፁ ከደማቸው ከጠፋ ቆይቷል። በማይክል ናደር የሚመራው የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2006 ባሳተመው ጥናት ደግሞ፣ ከመነሻው ዲ2 ተቀባያቸው ያነሰ ሬሰስ ዝንጀሮዎች ኮኬይን በፍጥነት ከመውሰዳቸው በላይ፣ መውሰድ ከጀመሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያው ተቀባይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀነሰባቸው፤ በአንዳንዶቹም ካቆሙ ከዓመት በኋላ እንኳ አልተመለሰም። በአንድ ጥናት ውስጥ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፤ ማነሱ ወደ ዕፁ ያደርሳል፣ ዕፁም ማነሱን ያባብሳል። ከዚህ በኋላ ሱሰኛን ስለ ፈቃዱ ድካም መውቀስ ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደሆነ ማንም ሊያየው ይችላል፤ ፈቃድ ራሱ የሚሠራበት የአንጎል ክፍል ነውና የታመመው።

ያንን ክፍል መልሶ ማበርታት ይቻል እንደሆነ በ2013 በአሜሪካ ባልቲሞር የአንቶኔሎ ቦንቺ ቡድን በአይጦች ላይ መርምሯል። እየተነዘሩ ኮኬይን የሚፈልጉት አይጦች በፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ደክመው ተገኙ፤ ተመራማሪዎቹ እነዚያን ሕዋሳት በብርሃን እንዲነሣሡ በሚያደርግ ዘዴ ሲያነቋቸው አስገዳጁ ፍለጋ ቀነሰ፤ በተቃራኒው ንዝረቱን ፈርተው በተዉት አይጦች ላይ ሕዋሳቱን ሲያፍኗቸው ፍለጋው ተመልሶ መጣ።

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው ስለ ኮኬይን ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ከቡና ቀጥሎ በሰፊው የሚወሰደው አነቃቂ ጫት ነው። በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለውና ምርቃናን የሚያመጣው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በ1975 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ ለአምፌታሚን የቀረበ ነው፤ ሕዋሳት ዶፓሚን እንዲለቁ ያደርጋል። በቤተ ሙከራ ዝንጀሮዎችም ካቲኖን በደም ሥር ሲቀርብላቸው መጫኛውን እየተጫኑ ራሳቸው ይወስዱታል። ይህ ማለት ግን የኬምብሪጅ አይጦች ውጤት እንዳለ በቃሚ ላይ ይጫናል ማለት አይደለም። ቅጠል እያኘኩ ጭማቂውን መዋጥ ካቲኖንን ወደ ደም ቀስ እያለ ለሰዓታት ያስገባል፤ የደም ሥር መርፌ ግን በሰከንዶች ያደርሳል፤ አንድ ዕፅ ወደ አንጎል የሚደርስበት ፍጥነት ደግሞ ሱስ የማስያዝ ኃይሉን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው። ከሐራራው ጽናት፣ ከዱካኩና ምርቃናውን ለመስበር ከሚጠጣው ጨብሲ ጋር የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ከዚህ ጥናት የሚወስዱት አንድ ነገር አለ፤ ከአንድ በርጫ ተነሥተው አንዱ እንዳሻው ሲተወው ሌላው የቤቱን ቀለብ ሸጦ የሚቅም ከሆነ፣ ልዩነቱን በአስተዳደግ ጉድለት ወይም በእምነት ማነስ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የጠባይ ተጋላጭነት ከመጀመሪያው አለ ሲባል ዕጣው ተቆርጧል ማለት እንዳይመስል ሌላ ሁለት ጥናቶችን ማንሣት ግድ ነው። በ2002 የናደር ቡድን ለብቻ ለብቻቸው ይኖሩ የነበሩ ወንድ ዝንጀሮዎችን አራት አራት አድርጎ በአንድ ላይ አኖራቸው። ብቻቸውን ሳሉ በዲ2 ተቀባያቸው ብዙ ልዩነት አልነበራቸውም፤ በቡድን ከኖሩና የበላይና የበታች ሥርዓት ከተፈጠረ በኋላ ግን የበላይ በሆኑት ዘንድ ተቀባዩ ጨመረ። ኮኬይን ሲቀርብም በበታቾቹ ላይ ኃይል ሲኖረው የበላዮቹ እምብዛም አልፈለጉትም። አንድ ዝንጀሮ በማኅበሩ ውስጥ ያለው ቦታ የአንጎሉን ተቀባይ እስከ መለወጥ መድረሱ፣ ሱስን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ዘግቶ ማየት እንደማይቻል ያስረዳል። በ2018 ደግሞ ማርኮ ቬኒሮ፣ ያቪን ሻሃምና ባልደረቦቻቸው አይጦች ከሄሮይን ወይም ከሜታምፌታሚንና ከሌላ አይጥ ጋር ከመገናኘት አንዱን እንዲመርጡ ሁለት መጫኛ ሰጧቸው። የሱስ ምልክት ያሳዩት ጭምር ሁሉም ማለት ይቻላል ጓደኛቸውን መረጡ። ምርጫቸው የተለወጠው ጓደኛቸው እንዲመጣ መጫኛውን ሲጫኑ በመካከላቸው ያለው በር ቶሎ ሳይከፈት ሲዘገይ ወይም ጓደኛን መምረጥ ቅጣት ሲያስከትል ነበር። የመጠበቅ ዐቅም እዚህም ላይ ይወስናል፤ በቶሎ የሚገኝ ወዳጅነት ዕፁን ሲያሸንፍ፣ የዘገየው ግን ለዕፁ ቦታ ይለቃል። የማገገሚያ ማዕከል ሰው እንዲደርስበት ስንት ወር ወረፋ ያስጠብቃል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ውጤት ጋር የተያያዘ እንጂ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው በእንስሳት ሥቃይ መሆኑም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የተነዘረ እግር፣ የተከፈተ የደም ሥር፣ ለወራት በሣጥን ውስጥ የዋለ ፍጡር አለ፤ የአገሮቹ ሕግ ለእያንዳንዱ ሙከራ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቀው፣ የንዝረቱን ኃይልና የእንስሳቱን ቁጥር የሚወስነውም ለዚህ ነው። አይጥ ደግሞ አይጥ ነው፤ ኀፍረትን አያውቅም፤ የሚጠብቀው እስር ቤት፣ የሚያሳፍረው ልጅ፣ የገባው ቃል የለውም፤ እነዚህ ነገሮች ደግሞ በሰው ሱስ ውስጥ ሰውን ወደ ማቆምም ወደ መደበቅም የሚገፉ ኃይሎች ናቸው። ስለዚህ የእንስሳቱ ጥናት የሚያሳየው አጽሙን እንጂ ሥጋውን አይደለም፤ ማረጋገጫውም ከሰው ዘንድ መምጣት ነበረበት።

ያ ማረጋገጫ የመጣው በዚያው በኬምብሪጅ ነው። ካረን ኤርሽና ባልደረቦቿ በ2012 ባሳተሙት ጥናት 50 ጥንድ ወንድሞችና እኅቶችን መረመሩ፤ በየጥንዱ አንዱ በአነቃቂ ዕፅ ሱስ የተያዘ፣ ሌላው ከሱስ ነፃ የሆነ ነበር። ከእነርሱም ጋር ዝምድና የሌላቸው 50 ጤነኞች ተመዘኑ። ፈተናው ለአይጦቹ ከተሰጠው ጋር ወገን ነው፤ ተመርማሪው ምልክት ሲያይ ፈጥኖ ቁልፍ ይጫናል፤ አልፎ አልፎ ግን የማቆሚያ ድምፅ ሲሰማ የጀመረውን እጁን መግታት አለበት። ሱሰኞቹ ዘግይተው ገቱ፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ከሱስ ነፃ የሆኑት ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸውም ግን እንዲሁ ዘገዩ፤ በፊተኛው የአንጎል ክፍልና በስትራየተም መካከል ያሉት የነርቭ ክሮቻቸውም ከጤነኞቹ የተለዩ ሆነው ተገኙ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ዓይነት ደካማ መግቻ፤ አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ቆመ። በ2020 ያው ቡድን የቆሙትን ለይቶ ሲመረምር፣ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ወደ ስትራየተም ከሚሄዱት ግንኙነቶች አንዳንዶቹ በእነርሱ ዘንድ ጠንክረው አገኛቸው፤ ይህ ብርታት ከልደት ጀምሮ የነበረ ይሁን ወይስ በኑሮ የዳበረ፣ የዳበረ ከሆነም በምን ዓይነት ኑሮ፣ አሁን ተመራማሪዎቹ ወደ አይጦቹም ወደ ሰዎቹም ተመልሰው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።